ሊኑክስ «8» ያለው ስህተት ነው ወይስ ላፕቶፑ 4 ኮር አይደለም?

«ላፕቶፑ 4 ኮር ነው፤ ሊኑክስ ስለ ፕሮሰሰሩ መረጃ የሚያሳይበት የሲፒዩኢንፎ ፋይል (/proc/cpuinfo) ግን 8 ፕሮሰሰር ይዘረዝራል፤ ፕሮግራሜ የቱን ይመን?» ላልከው ወንድሜ፣ ሁለቱም ልክ ናቸው። «ፕሮሰሰር» የሚለው መስመር ከርነሉ (የሊኑክስ እምብርት) ሥራ የሚያድልባቸውን ሎጂካል ሲፒዩዎች ይቆጥራል። «ሲፒዩ ኮርስ» በአንድ ቺፕ ላይ ያሉትን ኮሮች፣ «ሲብሊንግስ» ደግሞ በዚያው ቺፕ ላይ ያሉትን ሎጂካል ሲፒዩዎች ይነግርሃል። 4 እና 8 ካየህ ሃይፐርትሬዲንግ (አንዱ ኮር እንደ ሁለት ሎጂካል ሲፒዩ የሚሠራበት ዘዴ) በርቷል፤ ሌላ ምሥጢር የለውም።

እኔን ያስቸገረኝ ቆጠራው ራሱ ነው። ሁለት ሶኬት (የቺፕ መሰኪያ) ላለው ሰርቨር በኮሮቹ ልክ ሥራ የሚከፍል ስክሪፕት ጽፌ ነበር። በዚያው ፋይል ያሉትን የተለያዩ «ኮር አይዲ»ዎች (የኮር መለያ ቁጥሮች) ስቆጥር 6 መጣ፤ ማሽኑ ግን 12 ኮር ነው። ለካ ኮር አይዲ የሚለየው በአንድ ቺፕ ውስጥ ብቻ ኖሯል፤ ሁለተኛው ቺፕም እነዚያኑ ቁጥሮች ይደግማል። እንግዲያው ትልቁን ቁጥር ወስጄ 1 ልደምርና በ2 ላባዛ አልኩ፤ ይባስ ብሎ 22 ሆነ! ቁጥሮቹ 0፣ 1፣ 2፣ 8፣ 9፣ 10 ነበሩ። መዝለላቸው ብልሽት አይደለም፤ ቁጥሩ መለያ እንጂ ተራ አይደለም። በመጨረሻ የቺፑን መለያ «ፊዚካል አይዲ»ን ከኮር አይዲ ጋር አጣምሬ የተለያዩትን ጥንዶች ስቆጥር 12 ወጣ።

ሲብሊንግስን ለሲፒዩ ኮርስ አካፍለው አንድ ኮር ስንት ትሬድ (ሎጂካል ሲፒዩ) እንዳለው የሚያሰሉም አሉ። በድሮዎቹ ላይ ይሠራል። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው የኢንቴል ፕሮሰሰር ኮር አይ9 12900ኬ ግን 16 ኮርና 24 ትሬድ አለው፤ ስታካፍል አንድ ተኩል! ስምንቱ ትልልቅ ኮሮች ሁለት ሁለት ትሬድ ሲኖራቸው ትንንሾቹ ስምንቱ አንድ አንድ ብቻ ናቸው።

ሌላው ጣጣ የዚህ ፋይል ይዘት እንደ ፕሮሰሰሩ ዓይነት መለያየቱ ነው፤ በአርም ፕሮሰሰሮች ላይ ከ«ፕሮሰሰር» በቀር እነዚህን መስመሮች አታገኛቸውም። ስለዚህ ፕሮግራምህ ከሲስኤፍኤስ (ከርነሉ መረጃውን በፋይል መልክ ከሚያቀርብበት /sys)፣ በእያንዳንዱ ሲፒዩ ሥር ካለው «ቶፖሎጂ» ማህደር ያንብብ። እዚያ የቺፑ መለያ፣ የኮሩ መለያና አንድ ኮር የሚጋሩት ሲፒዩዎች ዝርዝር በየፋይሉ ተለይተው ተቀምጠዋል። ከሥራ ውጪ የተደረገ (ኦፍላይን) ሲፒዩ ግን እዚያም አይታይም። በቨርቹዋል ማሽን ውስጥ ደግሞ የምታነበው ሃይፐርቫይዘሩ (ቨርቹዋል ማሽኑን የሚያንቀሳቅሰው ሶፍትዌር) ያሳየህን ነው፤ እያንዳንዱን ሲፒዩ እንደ አንድ ሶኬት ሊያቀርብልህ ይችላል።

የፈለግከው በፕሮግራሜ ውስጥ ስንት ትሬድ (ጎን ለጎን የሚሄድ ሥራ) ልክፈት የሚለውን ብቻ ከሆነ ግን ይህ ሁሉ ድካም ትርፍ ነው፤ ለፕሮግራምህ የተፈቀዱትን ሲፒዩዎች ከከርነሉ ጠይቀህ በዚያው ቁጥር ሥራ።