ሁለት ካሳ፣ አራት መንግሥቱ፦ የታሪክ ሞክሼዎችን በጽሑፍ ስለ መለየት

ጥያቄ፦ የሁለተኛ ደረጃ የታሪክ መምህር ነኝ። አንድ ተማሪዬ «ካሳ በ1860 ዓ.ም. ለእንግሊዝ ጦር መንገድ ሰጠ፤ ጦሩም መቅደላ ደርሶ ካሳን ወጋ» ብሎ ጽፏል። ሁለቱ ካሳዎች የተለያዩ ሰዎች ስለ ሆኑ ታሪኩ ልክ ነው፤ ነገሩን የማያውቅ አንባቢ ግን ሰውየው በገዛ እጁ ጠላቱን ያስገባ ይመስለዋል። በዚያው ድርሰት ዐፄ ቴዎድሮስ አንድ ቦታ «ዳግማዊ ቴዎድሮስ»፣ ሌላ ቦታ «ቴዎድሮስ 2ኛ»፣ ሌላ ቦታ ደግሞ «ዳግማዊ ካሳ» ተብለዋል። ሞክሼ የሆኑ የታሪክ ሰዎችን ለመለየት አማርኛችን የታወቀ ሥርዐት አለው?

መልስ፦ ከሦስቱ አጠራሮች ሁለቱ ያስኬዳሉ፤ «ዳግማዊ ካሳ» የሚለው ግን አያስኬድም። ቀዳማዊ፣ ዳግማዊ፣ ሣልሳዊ፣ ራብዓዊ እያልን የምንጠቀምባቸው ከግእዝ የወረስናቸው ቅጽሎች፣ ከነገሥታት ጋር ሲገቡ የሚቆጥሩት የዙፋንን ስም እንጂ የልደትን ስም አይደለም። ካሳ ኃይሉ በየካቲት 1847 ዓ.ም. በደረስጌ ማርያም በአቡነ ሰላማ እጅ ተቀብተው ቴዎድሮስ ሲባሉ ዳግማዊ የሆኑት፣ የዐፄ ዳዊት ልጅ የሆኑ ሌላ ቴዎድሮስ በ15ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ላይ ዓመት ላልሞላ ጊዜ ነግሠው ስለ ነበር ነው። እርግጥ ነው፣ ካሳን ወደዚህ ስም የሳባቸው ያ አጭር ዘመን ሳይሆን ቴዎድሮስ የሚባል ጻድቅ ንጉሥ እንደሚነሣ የሚናገረው የፍካሬ ኢየሱስ ትንቢት ነው፤ ቆጠራው ግን ስሙ ለምን እንደ ተመረጠ አይጠይቅም። ካሳ ተብሎ ዙፋን ላይ የተቀመጠ ንጉሥ ስለሌለ ቀዳማዊም ዳግማዊም ካሳ ሊኖር አይችልም።

የቅጽሉን ቦታ በተመለከተ፣ ከስሙ በፊት መምጣቱ የቆየውና የተመረጠው አጻጻፍ ነው። በምኒልክ ብር ላይ በንጉሡ ምስል ዙሪያ የተቀረጸው ጽሑፍ «ዳግማዊ ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት ዘኢትዮጵያ» ይላል፤ ቀዳማዊ ሆነው የተቆጠሩት በክብረ ነገሥት የተተረከላቸው የንግሥተ ሳባና የሰሎሞን ልጅ ናቸው። ቁጥሩን ከስሙ በኋላ ማስቀመጥ፣ ማለትም «ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ» እያሉ መጻፍ፣ እንደ ሉዊ 14ኛ ያሉትን የውጭ ነገሥታት ስንጽፍ የለመድነው ልማድ ወደ ቤታችን የገባ ይመስለኛል። ሆኖም «ራብዓዊ ዮሐንስ» ከሚለው ይልቅ «ዮሐንስ 4ኛ» ወይም «አራተኛው ዮሐንስ» ለዛሬ አንባቢ ጆሮ የሚቀል ስለ ሆነ፣ ያን የጻፈውን ተማሪ አላርመውም። የማርመው በአንድ ድርሰት ውስጥ ሁለቱን አጻጻፍ ያለ ምክንያት የሚቀላቅለውንና «ዳግማዊ ቴዎድሮስ 2ኛ» እያለ አንዱን ቁጥር ሁለት ጊዜ የሚደርበውን ነው። ለንግሥት ሲሆን ቅጽሉ በጾታ ይስማማል፤ ኤልሳቤጥ ዳግማዊት እንጂ ዳግማዊ አይደሉም።

ሁለት ጉዳዮች ከዚህ ቆጠራ ያፈነግጣሉ። አንደኛው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ናቸው። «ቀዳማዊ» የሚለው ቅጽል ብዙውን ጊዜ ሁለተኛው ሲመጣ ለፊተኛው ወደ ኋላ የሚሰጥ ነው፤ እርሳቸው ግን በጥቅምት 1923 ዓ.ም. ከነገሡ ጀምሮ ቀዳማዊ ተብለዋል፤ ተከታይ ሞክሼም አላገኙም። ስለዚህ ቅጽሉ በእርሳቸው ላይ ከቁጥርነቱ ይልቅ የማዕረግ ክፍል ሆኖ ይቀራል፤ በመደበኛ ጽሑፍም ባይተው ይመረጣል። ሁለተኛው ልጅ ኢያሱ ናቸው። በውጭ አገር ጽሑፎች አምስተኛው ኢያሱ እየተባሉ ሲቆጠሩ ይታያል፤ ነገር ግን ዘውድ ሳይጭኑ በመስከረም 1909 ዓ.ም. ከሥልጣን ስለ ወረዱ፣ በአማርኛ «ልጅ» የሚለው ማዕረግ ብቻውን አድያም ሰገድ ከተባሉት ከታላቁ ኢያሱም ሆነ ከእቴጌ ምንትዋብ ልጅ ከኢያሱ ይለያቸዋል፤ ቁጥር መጨመር አያስፈልግም።

ወደ ሁለቱ ካሳዎች እንመለስ። የተማሪዎ ዓረፍተ ነገር የተበላሸው ስም ስለ ተደጋገመ ብቻ አይደለም፤ አንዱ ስም ከዘመኑ ውጭ ስለ ተነገረ ነው። በ1860 ዓ.ም. ቴዎድሮስ ከነገሡ 13ኛ ዓመታቸው ነበር፤ በዚያ ዓመት ስለ ደረሰባቸው ነገር በታሪክ ድርሰት «ካሳ» ብሎ መጻፍ አይገባም። ሌላው ካሳ፣ ካሳ ምርጫ፣ በአክሱም ነግሠው ዮሐንስ የተባሉት በጥር 1864 ዓ.ም. ስለ ሆነ፣ እንግሊዞች ከቀይ ባሕር ዳርቻ ከዙላ ተነሥተው ወደ መቅደላ ሲዘልቁ ገና የትግራይ ገዥ ካሳ ነበሩ። እንግዲህ ሰውን ድርጊቱ በተፈጸመበት ጊዜ በነበረው ስም መጥራት የሚለውን መመሪያ ብንከተል፣ ዓረፍተ ነገሩ «በ1860 ዓ.ም. የትግራዩ ገዥ ካሳ ምርጫ፣ በኋላ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ የተባሉት፣ ለእንግሊዝ ጦር መንገድ ሰጡ፤ ጦሩም መቅደላ ደርሶ ዐፄ ቴዎድሮስን ወጋ» ይሆናል። «በኋላ… የተባሉት» የሚለው ሐረግ አንድ ጊዜ፣ ሰውየው መጀመሪያ በተጠቀሱበት ቦታ ከገባ ይበቃል። ግሱንም ልብ ይበሉ፤ ተማሪዎ «ሰጠ» ያለውን «ሰጡ» ያደረግሁት ለነገሥታት በአንቱታ መጻፍ የተለመደ ስለ ሆነ ነው፤ ገና በሽፍትነት ዘመናቸው በአንተ አንስቶ ከንግሥ በኋላ ወደ አንቱታ የሚሻገር ጸሐፊ አለ፤ ያም ቢሆን ሆን ተብሎና በወጥነት ከተደረገ አይነቀፍም።

ሕዝቡ ራሱ ሁለቱን ካሳዎች የለየበት ሌላ መንገድ የፈረስ ስም ነው። ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ ካሳ ወይም መይሳው ካሳ፣ ዮሐንስ አባ በዝብዝ ካሳ ናቸው፤ በፉከራና በቀረርቶ የልደት ስማቸው ከነገሡ በኋላም ሳይጠፋ የኖረው ከዚህ ስም ጋር ተጣብቆ ነው። የፈረስ ስም ለግጥም፣ ለትረካና ለወግ ያምራል፤ በትምህርታዊ ድርሰት ውስጥ ግን የአባትን ስም ተክቶ ብቻውን ባይቆም እመርጣለሁ፤ ምክንያቱም አባ ነጋ ሲባል ራስ አሉላን፣ አባ መላ ሲባል ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስን ወዲያው የሚያውቅ ተማሪ እያነሰ ሄዷል።

የአባት ስም ሁልጊዜ ይበቃል ማለት ግን አይደለም። በ1928 ዓ.ም. ከጣሊያን ጋር በተደረገው ጦርነት የሰሜኑን ጦር የመሩት ልዑል ራስ ካሳ እንደ ቴዎድሮስ ሁሉ ካሳ ኃይሉ ናቸው። አያት ካልተጨመረ በስም አይለያዩም፤ ቴዎድሮስ የኃይሉ ወልደ ጊዮርጊስ፣ ራስ ካሳ የኃይሉ ወልደ ኪሮስ ልጅ ናቸው። ራስ ካሳን አንዳንዶች በእናታቸው አባት በራስ ዳርጌ ሲጠሯቸው ይሰማል፤ ከዚያ ሁሉ ግን «ራስ» የሚለውን ማዕረግ አለመጣል ይቀላል።

ከነገሥታቱ ስንወርድ ቁጥር ከነጭራሹ ስለማይሠራ ማዕረግና የአባት ስም ሸክሙን ሁሉ ይሸከማሉ። የታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ መሪ የነበሩት የክብር ዘበኛው አዛዥ ብርጋዴር ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ፣ የደርጉ ሊቀ መንበር ሌተና ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም፣ ባለቅኔውና ጸሐፌ ተውኔቱ መንግሥቱ ለማ፣ እንዲሁም በ1954 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የአፍሪካን ዋንጫ ስትወስድ የተጫወተው የቅዱስ ጊዮርጊሱ መንግሥቱ ወርቁ በአንድ ዘመን የኖሩ ሞክሼዎች ናቸው። ስለ ሁለቱ መኮንኖች በአንድ ገጽ የሚጽፍ ሰው ስማቸውን በሙሉ እየደጋገመ እንዳይሰለች ሲል «ንዋይ እንዲህ አሉ፤ ኃይለ ማርያም እንዲህ አደረጉ» ወደማለት ሲያዘነብል አያለሁ፤ ይህ በውጭ አገር የሚኖሩ ወገኖቻችን የአባት ስም የቤተሰብ ስም ሆኖ በሚመዘገብበት ወረቀት የለመዱት አጠራር ነው። በአማርኛ ግን ንዋይ አባትየው ናቸው እንጂ ልጁ አይደሉም። ስለዚህ በሁለተኛው መጠቀስ «ጄኔራል መንግሥቱ» እና «ኮሎኔል መንግሥቱ» ይባል፤ ማዕረጉ ግልጽ ሆኖ ከተቀመጠ በኋላም «ጄኔራሉ» እና «ኮሎኔሉ» ማለት ይቻላል። ማዕረግ ለሌላቸው ለባለቅኔውና ለኳስ ተጫዋቹ ደግሞ ሙያቸው ያንኑ ሥራ ይሠራል።