ጾሙ ገብቶ የተረፈው አሬራ ለፍየል ይሁን?

ጥያቄ፦ «ሁለት የሚታለቡ ላሞችና ጥቂት ፍየሎች አሉኝ። ሁዳዴ ሲገባ ቅቤውን ሸዋ ሮቢት አውጥቼ እሸጣለሁ፤ አሬራውን ግን ከልጅ ልጆቼ በቀር የሚቀምሰው የለም። ሰሞኑን አንዷ ፍየል መንታ ወልዳ ጡቷ ለአንዱ እንጂ ለሁለቱም አልደረሰም። ደካማው ግልገል ሳምንቱ ነው፤ ትንሽ ትንሽም ያስቀምጠዋል። ጎረቤቴ ‹እርጎ ጋቺው፣ ሆዱን ያጸዳለታል› አለችኝ። ይጎዳው ይሆን? የተረፈውን አሬራስ ለትልልቆቹ ባፈስላቸው ምን አለበት?» ከቀወት ወረዳ

መልስ፦ እናቴ፣ እርጎ ለፍየል መርዝ አይደለም። በቆላው ወረዳ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ሆኜ ስዞር በእርጎ የሞተች ፍየል ገጥማኝ አታውቅም፤ በአጋጋት የሞቱ ግን ብዙ አይቻለሁ። ስለዚህ ከመጠኑ በፊት ስለ አሰጣጡ ልናገር።

የተለመደው አጋጋት ይኸው ነው፦ አንዱ ሰው ቀንዷን ይዞ አንገቷን ወደ ሰማይ ይቀለብሳል፣ ሌላው ጠርሙሱን አፏ ውስጥ ይደፋል። እንዲህ ሲሆን እርጎው ወደ ሳንባዋም ይገባል። ከቀናት በኋላ ትንፋሿ ይቆራረጣል፣ መኖ ትተዋለች፤ ያን ጊዜ ጠርሙሱን የሚያስታውስ ሰው የለም፣ «ዓይን በላት» ይባላል።

ፍየሏ በእግሯ ትቁም። ጎኗን ከግድግዳ አስጠግተው በጉልበትዎ ደገፍ ያድርጓት፣ በግራ እጅዎ አገጯን ይያዙ፤ አፍንጫዋ ከዓይኗ ከፍታ እንዳያልፍ። በከንፈሯ ጥግ፣ ከፊት ጥርሶቿና ከመንጋጋዋ መካከል፣ ጥርስ የሌለበት ክፍት ቦታ አለ። ማንኪያው ወይም መርፌው የወለቀ ሲሪንጅ የሚገባው በዚያ ነው። ትንሽ ጠብ ያድርጉ፣ ጉሮሮዋ ሲንቀሳቀስ ይዩ፣ ከዚያ ይድገሙ። ካሳላት ወዲያው ያቁሙና ጭንቅላቷን ዝቅ አድርጋ ታራግፈው። እርጎው ወፍራም ከሆነ ለብ ባለ ውኃ ያቅጥኑት። ተጋድማ መነሣት ያቃታትን ፍየል ግን በአፏ ምንም አያግቷት።

ግልገሉ ከነአካቴው አይጋት፤ ይጥባ። አንገቱን ዘርግቶ ሲጠባ ከጉሮሮው በታች ያለው ቦይ ተጠቅልሎ እንደ ቱቦ ይሆንና ወተቱ ጨጓራውን አልፎ ወደ አራተኛው ሆድ፣ ወተት ወደሚፈጭበት፣ ይወርዳል። አፉ ውስጥ ሲገለበጥለት ቦዩ ክፍት ይቀርና ወተቱ ገና ሥራ ባልጀመረው ጨጓራ ተጠራቅሞ ይበላሻል። ሆዱ የሚነፋውም ከዚያ ነው። ጡጦ ከሸዋ ሮቢት አይጠፋም።

ጡጦው ውስጥ ምን ይግባ? የላምዎ ወተት፣ ቅቤው ያልወጣ። 3 ኪሎ የሚመዝን ግልገል በቀን ከ450 እስከ 600 ሚሊ ሊትር ይፈልጋል፤ በግማሽ ሊትሯ ሃይላንድ ቢለኩት አንድ ሙሉ ማለት ነው፣ አራት ቦታ ተከፍሎ፣ ለብ ብሎ። የእናቱን ጡት ደርሶ የሚጠባ ከሆነ የጎደለውን ብቻ ይሙሉለት። አሬራ ይህን አይተካም፤ ግልገሉን የሚያሞቀውና የሚያሳድገው እርስዎ ገበያ ያወጡት ቅቤ ነው። ቅቤ በጾም ማግስት እንደሚወደድ አውቃለሁ፣ ግን ፍየሉም ነገ ገንዘብ ነው።

እርጎ መጨመር ካማረዎ በእያንዳንዱ ጡጦ አንድ የሻይ ማንኪያ ይበቃዋል። በጡጦ የሚያሳድጓቸው ግልገሎች ሆዳቸው እንዳይነፋ ወተቱን ጨርሰው አርግተው የሚሰጡ አርቢዎችም በሌላ አገር አሉ። ወተት ሲረጋ ስኳሩ ይቀንሳል፣ ኮምጣጣነቱም ጋዝ የሚያመነጩ ባክቴሪያዎችን ያዳክማል። ብቻ ወተቱን አፍልተው፣ አቀዝቅዘው፣ በአንድ ማንኪያ ጥሩ እርጎ ያርጉት። በወይራ በታጠነ ቅል የረጋ ጥሬ ወተት ጣዕሙን ማን ይጠላል! ነገር ግን ብሩሴሎሲስ የሚባለው አስወራጅ በሽታ በጥሬ ወተት ይተላለፋል፤ መርጋቱም አስተማማኝ መግደያው አይደለም። ይህን ለፍየሉ ብቻ ሳይሆን ለልጅ ልጆችዎም ብዬ ነው።

ጎረቤትዎ ስላሉት ማጽዳት ደግሞ፦ ተቅማጥ በእርጎ አይታጠብም። ግልገልን ቀድሞ የሚገድለው የውኃ ጥማት ነው። አንድ ሊትር ፈልቶ የቀዘቀዘ ውኃ፣ ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳር፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጠው በወተቱ መሃል መሃል በጡጦ ያጥቡት። ከሦስተኛው ሳምንት በኋላ ደም የተቀላቀለበት ተቅማጥ ቢያዩ ኮክሲዲያ የሚባል የአንጀት ጥገኛ ተሕዋስ ሊሆን ስለሚችል የራሱ መድኃኒት አለው። የታችኛውን የዓይን ቆብ ገለጥ አድርገው ይዩት፤ ነጭ ከሆነ ደም የሚመጥ የሆድ ትል ይጠርጥሩ። ትኩሳት፣ የዓይንና የአፍንጫ ፈሳሽ፣ የአፍ ቁስል ከተቅማጥ ጋር ከመጣ ግን «ደስታ መሰል» የሚባለው በሽታ ሊሆን ስለሚችል ፍየሎቹን ለዩና ቀበሌ ላለው የእንስሳት ጤና ባለሙያ በዚያው ቀን ንገሩ።

አንድ ነገር ልጨምር። ከገበያ ቴትራሳይክሊን ገዝተው በእርጎ በጥብጠው የሚግቱ አሉ። የወተት ካልሲየም መድኃኒቱን ይይዘውና ወደ ሰውነት እንዳይገባ ያደርገዋል። በትልቅ ፍየል ደግሞ በአፍ የሚሰጥ አንቲባዮቲክ ጨጓራዋ ውስጥ ቅጠሉን የሚያብላሉላትን ጥቃቅን ነፍሳት ይፈጃቸዋል። ሁለት ጊዜ ኪሳራ ነው።

ለትልልቆቹ አሬራ? ጤነኛ ፍየል አያስፈልጋትም። የሚደፋ ከሆነ ለአንዷ ከአንድ ስኒ ጀምረው፣ ቢበዛ እስከ አንድ ብርጭቆ፤ ገንዳ ሞልተው ግን አይልቀቁላቸው። የፍየል ጨጓራ የለመደው የግራር ፍሬና ቅጠል ነው፤ ድንገት ሌላ ነገር ሲበዛበት ይታወካል። ይልቅ ለዶሮዎቹ በፉርሽካ ለውሰው ቢሰጧቸው ደስ ይለኛል።

ጥያቄ፦ «ደብረ ብርሃን ለፋሲካ ፍየል አደልባለሁ። አንድ ሱቅ ቀኑ ያለፈበት ባለ እንጆሪ እርጎ በነፃ ይሰጠኛል። ቶሎ ያወፍራል?»

መልስ፦ ወንድሜ፣ ተወው። ያ እርጎ ስኳር ነው፤ ስኳር ጨጓራ ውስጥ ወደ አሲድ ይለወጣል፣ የምታገኘውም ማወፈር ሳይሆን ተቅማጥ ነው። ክዳኑ ከተነፋ ወይም ሻጋታ ካየህበት ለውሻም አትስጥ። ማደለብ የምትፈልግ ከሆነ ፉርሽካና የኑግ ፋጉሎ አለልህ፣ ከድርቆሽ ጋር፤ ከትንሽ ጀምረህ መጠኑን በሁለት ሳምንት ውስጥ ቀስ እያልክ አሳድግ። ከቢራ ፋብሪካ የሚወጣው የብቅል ተረፈ ምርትም እዚያው ከተማህ አለ፤ ግን ቶሎ ይበላሻልና ትኩሱን ተጠቀም።

ጥያቄ፦ «ፍየሌ አውድማ ገብታ ማሽላ ጠገበች። ሆዷ ተነፍቶ ጥርሷን ታፋጫለች። ግማሽ ሊትር እርጎ ግተናት ባሰባት። ልድገም?» ከአጣዬ

መልስ፦ አትድገም! ይህ ደብዳቤ ዓምዱ እስኪታተም ፍየሏ አንድ ነገር ትሆናለች፤ ለሚቀጥለው ሰው ይጠቅም ብዬ ነው የምመልሰው። እህሉ ሲፈላ ጨጓራዋን አሲድ ይሞላዋል፤ እርጎም ኮምጣጣ ነው፣ በአሲድ ላይ አሲድ መጨመር ይሆናል። የቀረውን እህል ካጠገቧ አርቅ። ቆማ የምትውጥ ከሆነች አንድ የሾርባ ማንኪያ ልሙጥ ቤኪንግ ሶዳ በግማሽ ሊትር ለብ ያለ ውኃ በጥብጠህ፣ ከላይ ለቀወቷ እናት በነገርኳቸው አኳኋን፣ ቀስ ብለህ ጋታት። ከዚያ ጭድ ወይም ድርቆሽ ብቻ አቅርብላት። ከተኛች፣ ከተንገዳገደች ወይም የግራ ጎኗ እንደ ከበሮ ከተወጠረ ቤት ውስጥ የሚሠራ ነገር የለም፤ ክሊኒክ ውሰዳት።

የእርጎ ጊዜው ኋላ ነው። ሶዳው ሠርቶ፣ ሆዷ ረግቦ፣ ግን ማመስኳት ሲያቅታት፣ ያልጣፈጠ እርጎ ሁለት ሦስት የሾርባ ማንኪያ በቀን አንዴ ለጥቂት ቀናት ቢሰጣት አይከፋም። ከዚያም የሚሻል አለ፦ ጤነኛ ፍየል ሲታረድ ከጨጓራዋ የሚወጣውን ፈርስ በንጹሕ ጨርቅ ጭመቅና ውኃውን ሳይቀዘቅዝ ግማሽ ሊትር ያህል ጋታት። የእርጎ ባክቴሪያ ለፍየል ጨጓራ እንግዳ ነው፣ ብዙም ሳይቆይ ይጠፋል፤ የፈርሱ ግን አገሩ ነው። ሽታው ደስ አይልም፤ ጎረቤት ቢስቅብህም ግድ የለህም።