እናትሽ ስለታመመች አንቺም ትታመሚያለሽ ማለት አይደለም

እናትሽ በ62 ዓመቷ የጡት ካንሰር ስለተገኘባት ብቻ አንቺ በ34 ዓመትሽ አሁኑኑ ማሞግራፊ (የጡት ራጅ) መነሳት አያስፈልግሽም። አደጋሽ በእጥፍ ገደማ ከፍ ይላል፤ ግን የማይቀር ዕጣ አይደለም። ከ100 የጡት ካንሰር ታማሚዎች በዘር በተወረሰ የጂን ለውጥ የሚያዙት ከ5 እስከ 10 ቢሆኑ ነው።

መጀመሪያ ቡና ሲፈላ ጠብቂና ታላላቆችሽን ጠይቂ፣ የአባትሽን ወገን ጭምር፦

1. ከ50 ዓመቷ በፊት የጡት ካንሰር የያዛት አለች?
2. የኦቫሪ (የሴት እንቁላል ማመንጫ) ካንሰር የያዛትስ?
3. ጡቱን በካንሰር የታመመ ወንድ አለ?

አንዱ እንኳ ካለ ነገሩ ይለወጣል። መልሱን በወረቀት ይዘሽ ከጤና ጣቢያሽ ወደ ጥቁር አንበሳ የካንሰር ክፍል ሪፈር አጽፊ። ከሌለ ማሞግራፊውን ከ40 ዓመትሽ ጀምሮ ከሐኪም ጋር ተነጋገሪበት።

በእጅሽ ያለው ደግሞ ቢራውንም ጠጁንም መቀነስ፣ ከአራት ኪሎ ፒያሳ ታክሲ ትተሽ በእግርሽ መሄድ፣ ስትወልጂ ማጥባት ነው። ከሁሉም አልኮሉን ሰዎች አያምኑትም፤ ትንሹም ቢሆን አደጋውን ይጨምራል።

አንድ ነገር ግን አደራ። አክስቴ ብብቷ ሥር ሽምብራ የምታክል እብጠት ነበረቻት። «አታመኝም እኮ» እያለች ስምንት ወር ቆየች። የጡት ካንሰር መጀመሪያ ላይ ብዙ ጊዜ አያምም። ጸበሉንም ተጠመቂ፣ ግን አዲስ እብጠት፣ የቆዳ መጨማደድ ወይም ከጡት ጫፍ ደም ካየሽ በዚያው ሳምንት ታዪ። በአንቺ ዕድሜ ብዙውን ጊዜ በአልትራሳውንድ ነው የሚጀምሩልሽ።