«ፊትዎ ሞላ፣ አሜሪካ ተስማማዎት»

ልጆቼ፣

ይህን የምጽፈው ለሁለት ዓይነት ወጣቶች ነው። አንደኞቹ ነርስ፣ ሐኪም ወይም እንደኔ የራጅ ባለሙያ ለመሆን የምትማሩ ናችሁ። ሁለተኞቹ ደግሞ እንግሊዝኛ ስለምትችሉ ብቻ እናት አባታችሁን ይዛችሁ ሆስፒታል የምትሄዱ፣ ሐኪሙ ያለውን ወደ አማርኛ የምትመልሱ ናችሁ። የኔ ጥፋት የደረሰው ሁለቱንም ሆኜ በቆምኩበት ቀን ነው።

ሜሪላንድ ውስጥ ከሰላሳ ዓመት በላይ ሠርቻለሁ። ክፍላችን የደም ሥር በራጅ እየታየ የሚታከምበት ክፍል ነበር። ማሽኑን አንቀሳቅሳለሁ፣ የጠበበ ሥር የሚከፈትበትን ሽቦና የሚነፋ ፊኛ አቀብላለሁ፣ በሽተኛው አልጋው ላይ እንዲመቸው አደርጋለሁ። ባለፈው ዓመት ጡረታ ወጣሁ።

አንድ አባት ነበሩ። ማን እንደሆኑ እንዳይታወቅ አንዳንድ ነገር ቀይሬያለሁ። ዕድሜያቸው ሰባ አልፏል፤ ከአገር ቤት መጥተው ከወንድ ልጃቸው ጋር ይኖራሉ። በዚያ ክረምት ፊታቸው መሙላት ጀመረ። ቤተ ክርስቲያን የሚያገኛቸው ሁሉ «አባባ፣ ፊትዎ ሞላ! አሜሪካ ተስማማዎት!» ይላቸዋል። እኛ ዘንድ ፊት ሲሞላ ደስ ይላል። የሸሚዛቸው ኮሌታ አልቆለፍ ሲል ልጃቸው ሰፋ ያለ ገዛላቸው። ሌሊት ሦስት ትራስ ካልደረቡ አይተኙም፤ ጠዋት ሲነሱ ዓይናቸው አብጦ ነው። ማንም ነገሩን አላገጣጠመውም።

የባሰው በሰሙነ ሕማማት ነው። ሊሰግዱ ጎንበስ ሲሉ ጆሯቸው ይጮኻል፣ ዓይናቸው ይጨልማል፣ ፊታቸው ደም ይለብሳል። «እርጅና ነው» አሉ። በመጨረሻ ድንገተኛ ክፍል አንድ ወጣት ሐኪም ሸሚዛቸውን አስወለቀቻቸው። ደረታቸው ላይ ሰማያዊ የደም ሥሮች እንደ ዛፍ ሥር ተጠላልፈው ወጥተዋል። ያን ያየ ባለሙያ ሌላ ብዙ መጠየቅ አያስፈልገውም። ለተማሪዎች ሁሌም የምለው ነው፤ ሸሚዝ ሳታስወልቁ አትመርምሩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከራስ፣ ከአንገትና ከሁለቱ ክንዶች የሚመለስ ደም ሁሉ ወደ ልብ የሚገባው በአንድ ትልቅ ደም መላሽ ነው። ሐኪሞች ሱፒሪየር ቬና ካቫ ይሉታል። ርዝመቱ 7 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ ስፋቱ 2 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ወደ ልብ ከሚመለሰው ደም ሲሶው ያህል በሱ ያልፋል። ግድግዳው ስስ ነው፤ ውስጡ ያለው ግፊትም ዝቅተኛ ነው። ቀኝ ሳንባ አጠገብ፣ በሊምፍ እጢዎች ተከቦ ይገኛል። እዚያ አካባቢ የሳንባ ካንሰር ወይም ሊምፎማ የሚባለው የሊምፍ እጢ ካንሰር ሲያድግ ሥሩን እንደ ተረገጠ የውሃ ጎማ ይጨፈልቀዋል። ደሙ መውረጃ ሲያጣ ፊትና ክንድ ያብጣል። ሲጎነብሱና ሲተኙ ይብሳል። ሰውነት ደግሞ በደረት ቆዳ ሥር ተለዋጭ መንገድ ይፈልጋል። የአባባ ደረት ላይ ያየናቸው ሥሮች እነዚያ ናቸው።

ስኮትላንዳዊው ሐኪም ዊልያም ሃንተር ይህን ሕመም የጻፈው በፈረንጆች አቆጣጠር በ1757 ነበር። የዚያን ጊዜው በሽተኛ ሥሩን የጨፈለቀበት በቂጥኝ የተነፋ ትልቅ ደም ቅዳ ነው። ዛሬ ግን አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ ካንሰር ነው። ድሮ እንዲህ ያለ ሰው ሲመጣ የካንሰሩ ዓይነት ሳይታወቅ በጥድፊያ ወደ ጨረር ይወሰድ ነበር። አሁን የመተንፈሻ ቧንቧው ወይም አንጎሉ አደጋ ላይ ካልሆነ፣ መጀመሪያ ናሙና ተወስዶ ዓይነቱ ይታወቃል። አንዳንዱ ዓይነት ለኬሞ፣ ለካንሰር መድኃኒቱ ማለት ነው፣ ቶሎ እጅ ይሰጣል። በሽተኛው መተንፈስ ሲያቅተው ግን ኬሞው እስኪሠራ መጠበቅ ከባድ ነው። ስቴንት፣ ሥሩን ከውስጥ ከፍቶ የሚይዝ የብረት ወንፊት፣ የሚገባው ያኔ ነው።

በ1964 የራጅ ሐኪሙ ቻርለስ ዶተር ፖርትላንድ፣ ኦሪገን ውስጥ የአንዲት 82 ዓመት አሮጊትን የጠበበ የእግር ደም ቅዳ ያለ ቀዶ ሕክምና ከፈተ። እግሬ አይቆረጥም ብለው እምቢ ያሉ ሴት ነበሩ፤ እግራቸው ተረፈ። በ1986 ደግሞ የሂውስተን ሐኪሞች ትልቁን ደም መላሽ በሚዘረጋ የብረት ወንፊት ስለመክፈት ጽፈው አወጡ። እኔ ሥራ ስጀምር ነገሩ ገና አዲስ ነበር ማለት ነው። ከሁሉ የምወደው ግን የጀርመኑን ወጣት ሐኪም የቬርነር ፎርስማንን ታሪክ ነው። በ1929 የገዛ ክንዱን ሥር ከፍቶ ቀጭን ቱቦ በዚሁ ደም መላሽ በኩል እስከ ልቡ ካስገባ በኋላ፣ ቱቦው እንዳለ በእግሩ ወደ ራጅ ክፍል ሄዶ ፎቶ ተነሣ። አትሞክሩት እንጂ፣ ስለ ሥራችን ሳስብ እሱ ይመጣብኛል።

ወደ አባባ ልመለስ። በጀርባቸው መተኛት ስለማይችሉ ከራሳቸው ሥር ሽብልቅ ትራስ አደረግሁላቸው። ሙሉ ሰመመን አልተሰጣቸውም፤ ነቅተው ነው የታከሙት። ቀኝ ብሽሽታቸው ደነዘዘና ቀጭን ሽቦ ገባ። ሽቦው ወደ ላይ ወጣ፣ በልብ በኩል አለፈ፣ የጠበበውን ቦታ ተሻገረ። በራጅ የሚታይ ቀለም ሥሩ ውስጥ ስንረጭ እስክሪኑ ላይ የታየው ያሳዝናል። ትልቁ መንገድ ፀጉር ያህል ቀርቷል። ቀለሙ ተከማችቶ ይቆይና በጎን በኩል በቀጫጭን ሥሮች ይሾልካል።

ስቴንቱ ከኒኬልና ከታይታኒየም የተሠራ ወንፊት ነው፤ ሽፋኑ ወደ ኋላ ሲሳብ ራሱን ይዘረጋል። በዚያች ደቂቃ ክፍላችን ጸጥ ይላል። የዚህ ሥር የታችኛው ክፍል በልብ ከረጢት ውስጥ ነው። እዚያ ከተቀደደ ደም ልብን ያፍነዋል። ስለዚህ አንድ ዓይናችን እስክሪኑ ላይ፣ አንዱ የደም ግፊቱ ላይ ነው። ደህና ሆነ። ቀለሙን ደግመን ስንረጭ ቀጥ ብሎ ወደ ልብ ወረደ። አባባ እዚያው አልጋ ላይ ሆነው «ራሴን ቀለል አለኝ» አሉ። ራስ ምታት አንዳንዴ እንዲህ ወዲያው ይለቃል። የፊት እብጠት በአንድ ሁለት ቀን፣ የክንድ ደግሞ በሁለት ሦስት ቀን ይጎድላል።

በማግስቱ ላያቸው ወጣሁ። የፊታቸው መስመር ተመልሷል። የድሮው ሸሚዛቸው ኮሌታ ተቆልፏል። መታጠቢያ ቤት መስታወት ፊት ቆመው ጉንጫቸውን ይዳስሳሉ። ካንሰርን አያጠፋም ተብሎ ይህን ሥራ የሚንቁ ሰዎች አይቻለሁ። ያን ጠዋት ቢያዩ ኖሮ አይንቁም ነበር።

አሁን ጥፋቴን ልናገር። ከሕክምናው በፊት የስልክ አስተርጓሚው ስለዘገየ ሐኪሙ «አንተ ንገርልኝ» አለኝ። ያለኝ ግልጽ ነበር፤ ሥሩን እንከፍታለን፣ እብጠቱ ይወርዳል፣ ካንሰሩ ግን እንዳለ ነው፣ ኬሞ ያስፈልጋል። ልጃቸው ከኋላቸው ቆሞ በጭንቅላቱ «አትንገራቸው» ይለኛል። እኔም አዘንኩላቸው። «አባባ፣ አይስጉ፤ ይቺ ከገባች ይድናሉ» አልኳቸው።

ዳንኩ ብለው አመኑ። ለምን አያምኑም? ፊታቸው በዓይናቸው እያየ ጎደለ። የኬሞ ቀጠሮ ሲደርስ «ድኛለሁ እኮ፣ ያ የአገሬ ልጅ ነግሮኛል» ብለው እምቢ አሉ። ልጃቸው እውነቱን ከመጀመሪያው ስለደበቀ አሁን ከየት ይጀምረው? በሰባተኛው ሳምንት ፊታቸው እንደገና አብጦ መጡ። ካንሰሩ በወንፊቱ ቀዳዳ ሾልኮ ገብቷል። በመጀመሪያው ውስጥ ሁለተኛ ስቴንት ገባ። በዚህ ጊዜ አስተርጓሚ ተጠርቶ ሁሉም በግልጽ ተነገራቸው። ወደ እኔ ዞሩ። «ታዲያ ያን ጊዜ ምን ነበር ያልከኝ?» አሉኝ። ያደረግሁትን ነገርኳቸው። ረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ «ልጄ እኮ ደብረ ሊባኖስ ሄዳ ስለቷን አስገብታለች» አሉ። አገር ቤት ላለችው ሴት ልጃቸው ደውለው ድኛለሁ ብለዋት ነበር።

ኬሞውን ጀመሩ። ቀጣዩን ፋሲካ አላዩትም። ሰባቱ ሳምንት ምን ያህል እንደጎዳቸው ማንም ሊነግረኝ አይችልም። ግን የራሳቸው ሳምንታት ነበሩ፤ ምን እንደሚያደርጉባቸው እንዲመርጡ ዕድል ነፈግኋቸው።

ስለዚህ ልጆቼ፣ «መዳን» የምትለውን ቃል ተጠንቀቁባት። በአማርኛችን ከጉንፋንም ይዳናል፣ ከካንሰርም ይዳናል፣ ነፍስም ትድናለች። ለስቴንት «እብጠቱ ይወርዳል፣ ይተነፍሳሉ፣ ይቀልልዎታል» በሉ። ሌላም አለ። «የሳንባ ነቀርሳ» ስትሏቸው ብዙ አዛውንት የሚረዱት ቲቢን ነው። ካንሰር ከሆነ ካንሰር በሉ።

«ለአባቴ አትንገሩብኝ» የሚል ልጅን አልቆጣም። ከፍቅር ነው፤ መርዶ በወጉ የምናረዳ ሕዝብ ነን። እናንተ ግን መጀመሪያ አባትዬውን ጠይቁ፤ ሁሉን መስማት ይፈልጋሉ ወይስ ለልጅዎ ይነገር? አንዳንዱ «ለልጄ ንገሩት» ይላል፤ ያም የሳቸው ምርጫ ነው። እዚህ አሜሪካ ደግሞ ሆስፒታሉን አስተርጓሚ በነጻ መጠየቅ ትችላላችሁ። ጠይቁ፤ ቢዘገይም ጠብቁ። እናንተ ልጅ ሁኑና እጃቸውን ያዙ።

ከአባባ በኋላ ስቴንት ለሚገባለት የአገሬ ሰው ሁሉ፣ አስተርጓሚው ከጨረሰ በኋላ፣ ወረቀት ላይ ሥሩን እስልለት ነበር። ከዚያ «የገባዎትን ይንገሩኝ» እላለሁ። ከጡረታዬ በፊት አንዲት እናት ወረቀቱን ተቀብለው አዩና ጣታቸውን በሥሩ ላይ አሄዱ። «መውረጃው ይከፈታል፣ ድንጋዩ ግን አልተነሳም ማለትህ ነው?» አሉኝ።

«አዎ እማማ» አልኳቸው። «ድንጋዩን የሚያነሱት ሌሎች ሐኪሞች ናቸው። ሰኞ ጠዋት ቀጠሮ አለዎት።»

ወረቀቱን አጥፈው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት።