መልስ፦ «ኮኔክትድ» ሂፕ ሆፕ ነው ወይስ የዳንስ ሙዚቃ?

የብሪታንያው የሙዚቃ ቡድን የስቴሪዮ ኤምሲስ «ኮኔክትድ» አልበም ከሂፕ ሆፕ ይመደባል ወይስ ከዳንስ ሙዚቃ ብለው ለጠየቁት፣ የሁለቱም ነው ባይ ነኝ። ቡድኑ የተነሣው ከራፕ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1992 በወጣው በዚህ ሦስተኛ አልበሙ ግን የቡድኑ ራፐር ሮብ በርች ቃላትን ከማብዛት ይልቅ አጫጭር ስንኞችን እየደጋገመ በምቱ ላይ ያስቀምጣቸዋል፤ ሴቶቹ ድምፃውያን ደግሞ አዝማቹን እንደ ሶል ዘፈን ከፍ አድርገው ይቀበሉታል። የአልበሙን መጠሪያ ዘፈን በጆሮ ማዳመጫ ደጋግመው ቢሰሙት ነገሩ ይገለጥልዎታል፤ ዘፈኑ የቆመበት ተደጋጋሚ ዙር የተቀነጨበው ከጂሚ «ቦ» ሆርን የዲስኮ ዘፈን በመሆኑ፣ ራፑ ከላይ ሲሄድ እግር ከታች በዲስኮ ይመታል።

ስኬቱን በተመለከተ፣ አልበሙ በብሪታንያ የአልበሞች ሰንጠረዥ 2ኛ ደረጃ ላይ የደረሰ ሲሆን፣ በ1994 የብሪታንያ የሙዚቃ ሽልማት በሆነው በብሪት ሽልማት የምርጥ የብሪታንያ አልበምና የምርጥ ቡድን ክብሮችን አስገኝቷል። ቀጣዩ አዲስ አልበማቸው የወጣው ግን በ2001 ነው፤ ያን ያህል መዘግየታቸው የዳንስ ሙዚቃ አድማጭን ሳያርቅባቸው አልቀረም።