ስልኩን ማን ያንሳው?

በዚህ ሳምንት የመጡት ጥያቄዎች ከሞላ ጎደል ስለ አውትሶርሲንግ፣ ማለትም የራስን ሥራ ለሌላ ሰጥቶ ስለ ማሠራት፣ ናቸው። በተራ አልመለስኳቸውም፤ ደስ እንዳለኝ ነው።

ሜሪላንድ ያለች እህታችን አረጋውያንን ቤታቸው ድረስ የሚንከባከብ ድርጅት አላት። ስልክ የሚያነሱ ሁለት ልጆች አዲስ አበባ ልቅጠር ወይ ትላለች። እዚያ ለአንድ ሰው የምትከፍለው እዚህ ለአራት ይበቃል ባይ ናት።

ይበቃል። ስሌቱ ግን ገና ግማሹ ነው። አዲስ አበባ ሜሪላንድን በ7 ሰዓት ትቀድማለች፤ እናንተ ሰዓት ስትቀይሩ በ8። ቢሮሽን ስትዘጊ ልጆቹ ጋ እኩለ ሌሊት ነው። በዚያ ሰዓት ታክሲ የት አለ? ሰርቪስ ያንቺ ወጪ ነው። መብራት ሲጠፋ የሚነሳው ጄኔሬተርም እንደዚያው።

ይሄ ቀላሉ ነው። ከባዱ አሁን ስልክ የምታነሳልሽ ልጅ ጭንቅላት ውስጥ ያለው ነው። አንዷ እናት ደወል ስለማይሰሙ በጓሮ በር እንደሚገባ፣ የትኛዋ ሠራተኛ ድመት እንደምትፈራ። አንዱም ወረቀት ላይ የለም። እኔም አንዴ የደንበኞች ዝርዝር ውጭ አስጽፌ ነበር። ልጆቹ አንድ ፊደል አልሳቱም። ስሙ አጠገብ ኮከብ ያለበት ሰው ደንበኝነቱን ማቋረጡን ግን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። ለእነዚያ ሁሉ የክፍያ መጠየቂያ ሄደላቸው። ስድቡን የጠጣሁት እኔ ነኝ፤ ይገባኛልም።

ስለዚህ መጀመሪያ አንድ ወር ሙሉ የሚጠየቀውንና የሚመለሰውን አስጽፊ። ከዚያ ሥራ ፈልገው የሚደውሉትን ብቻ ስጫቸው። የታካሚ ስም ያለበትን ነገር ግን ጠበቃ ሳታማክሪ እንዳትነኪ! ሂፓ የሚባል የታካሚን ምስጢር የሚጠብቅ የአሜሪካ ፌደራል ሕግ አለ። "ጓደኛዬም እንዲህ ነው የምታደርገው" የጠበቃ ምክር አይደለም።

አውትሶርሲንግ በአማርኛ ምን ይባላል? ቁርጥ ያለ ስም አላገኘሁለትም። ድርጊቱን ግን እናውቀዋለን፤ ዲያስፖራው ስንት ዓመት ሙሉ በርበሬውን አዲስ አበባ ሲያስፈጭ ኖሯል።

ህንድና ፊሊፒንስ ለምን ቀደሙን? እነሱ ጋ እንግሊዝኛው አለ፣ ልምዱ አለ። ያ ብቻ ግን አይደለም፤ ሰኔ 2012 እኛ ጋ ኢንተርኔት ለሦስት ሳምንት ያህል ሲቋረጥ ስልክ የሚያነሳ ድርጅት ለደንበኛው ምን ብሎ ያስረዳል? የውጭ ደንበኛ ከዋጋ በፊት ይህን ቢጠይቅ አይፈረድበትም።

ከደንበኛዬ ጋር ለ3 ሰዓት ተቀጣጥረን ተላለፍን። እሱ የመጣው ከቀኑ 9 ሰዓት ነዋ! በሁለቱም አቆጣጠር ጻፍ።

አዲስ አበባ ያለ ወጣት በአገናኝ ድርጅት በኩል ለውጭ ኩባንያ ዘግናኝ ቪዲዮዎችን እያየ ይለያል። እንቅልፍ አጥቷል። ምስጢር ልጠብቅ ብሎ ስለፈረመ ለማንም አልተነፈሰም። አሠሪዬ ማን ነው ይላል።

ወንድሜ፣ መጀመሪያ ሐኪም ጋ ሂድ። ነገ ሳይሆን ዛሬ። የኩባንያውን ምስጢር ሳታወጣ እንቅልፍ ማጣትህን መናገር ትችላለህ። ስለ አሠሪህ፦ ናይሮቢ ውስጥ ሳማ በሚባል ኩባንያ በኩል የፌስቡክን ይዘት ያጣሩ የነበሩ ሠራተኞች የፌስቡክን ባለቤት ሜታን ከሰዋል። አማርኛውን የሚያዩትም እዚያ ነበሩ። ሜታ ኬንያ ውስጥ ልከሰስ አይገባም ቢልም መስከረም 2017 ላይ የይግባኝ ፍርድ ቤቱ አልተቀበለውም። የኬንያ ሕግ ነው፤ ያንተን ውል የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ የሚያውቅ ጠበቃ ይየው። ሐኪሙ ግን ይቅደም።

በዶላር ለሚከፈለኝ ግብር እንዴት ልክፈል? የሒሳብ ባለሙያ ጠይቅ።