ሁለት ሁለት እያደረጋችሁ ውሰዱ

ውድ ልጆቼ፣

ሠላሳ አንድ ዓመት በቤተ መጻሕፍት የሕፃናትና የወጣቶች ክፍል ውስጥ ሠርቻለሁ። በእነዚህ ዓመታት አብዝቼ የሰማሁት ጥያቄ «የትኛውን ልውሰድ?» የሚለው ነው። ጡረታ ከወጣሁ በኋላም የጎረቤት ልጆች በሬን እያንኳኩ ይህንኑ ይጠይቁኛል። መልሴ አጭር ነው፤ አንድ ብቻ አትውሰዱ፣ ሁለት ውሰዱ። አንደኛው ልብ ወለድ ይሁን፤ ሁለተኛው ስለዚያው ጉዳይ እውነቱን የሚያስረዳ መጽሐፍ ይሁን።

እዚህ መልስ ላይ የደረስኩት ተሳስቼ ነው። ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት አንድ የሰባተኛ ክፍል ልጅ ወፍራም ልብ ወለድ ታቅፎ ወደ ጠረጴዛዬ መጣ። ፈተና ደርሶ ነበር። «ይህ ጊዜ ማጥፊያ ነው፤ የሚጠቅምህን ውሰድ» ብዬ ከእጁ ተቀበልኩትና የሳይንስ መጽሐፍ ሰጠሁት። ልጁ አልተከራከረኝም። የሳይንሱን መጽሐፍ በማግስቱ መለሰ፤ ከዚያ በኋላ ግን ዳግመኛ አላየሁትም። ዛሬ ልጆች ያሉት ሰው ሊሆን ይችላል፤ ፊቱ ግን ከዓይኔ አልጠፋም። እናንተም ልብ ወለድን «ተረት ተረት» እያሉ የሚያናንቁ አዋቂዎች ያጋጥሟችኋል። በአክብሮት ስሟቸው፤ መጽሐፉን ግን እንዳትመልሱት።

ሁለት መጽሐፍ የምለውን በምሳሌ ላሳያችሁ። ሊንዳ ሱ ፓርክ የጻፈችው «ኤ ሎንግ ዎክ ቱ ዎተር» የሚባል አጭር ልብ ወለድ አለ፤ የታተመው እ.ኤ.አ. በ2010 ነው። እንግሊዝኛው ቀላል ስለሆነ የሰባተኛና የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ይወጣዋል። የሁለት ልጆች ታሪክ ጎን ለጎን ይሄዳል። አንደኛዋ ኒያ ናት፤ በደቡብ ሱዳን ውኃ ለመቅዳት ቀኑን ሙሉ ስትመላለስ የምትውል ልጅ። ሁለተኛው ሳልቫ ዱት ነው፤ እርሱ በእውን ያለ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1985፣ የ11 ዓመት ልጅ ሳለ፣ የሱዳን የእርስ በርስ ጦርነት ከትምህርት ቤቱ ደጃፍ ደረሰና ወደ ጫካ ሮጠ። በእግሩ ተጉዞ የት የደረሰ ይመስላችኋል? እኛው አገር፣ ጋምቤላ፣ ኢታንግ የስደተኞች ጣቢያ። እ.ኤ.አ. በ1991 በአገራችን መንግሥት ሲለወጥ ደግሞ ስደተኞቹ በጥይት እየተባረሩ ጊሎ ወንዝ ዳር ደረሱ። ወንዙ በዝናብ ሞልቷል፤ አዞም አለበት።

ያንን ምዕራፍ የጨረሰች አንዲት ልጅ መጽሐፉን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጣ «ይህ እኛ አገር ነው የሆነው?» አለችኝ። አዎ አልኳት። ለረጅም ጊዜ ዝም አለች። ከዚያ ወደ ሌላኛው መደርደሪያ ሄደን አትላስ አወረድን። ጊሎ ወደ ፒቦር ሲገባ፣ ፒቦርና ባሮ ተገናኝተው ሶባትን ሲሠሩ፣ ሶባት ነጭ ዓባይን ሲቀላቀል በጣቷ ተከተለችው። ልብ ወለዱ ያሳመማት ነገር አትላሱ ላይ ቦታና ስም አገኘ። በማግስቱ ስለ ስደተኞች የሚያስረዳ መጽሐፍ ፈልጋ መጣች፤ ማንም አላዘዛትም። የሳልቫና የኒያ ታሪክ የት ላይ እንደሚገናኝ ግን አልነግራችሁም፤ ራሳችሁ ድረሱበት።

ዕድሜያችሁ ከፍ ካለ የኤልሳቤጥ ሌርድን መጻሕፍት ፈልጉ። በወጣትነቷ አዲስ አበባ ውስጥ አስተምራለች፤ ከተማችንንም በቅርብ ታውቃለች። እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመው «ዘ ጋርቤጅ ኪንግ» ማሞና ዳኒ ስለሚባሉ ሁለት የአዲስ አበባ ልጆች ነው፤ አንዱ ከድህነት፣ ሌላው ከሀብታም ቤት ወጥተው ጎዳና ላይ ይገናኛሉ። ይህን መጽሐፍ ያነበበ ልጅ በመብራት ላይ ማስቲካ የሚሸጠውን እኩያውን እንደ ድሮው አያልፈውም። እንዲህ ያለ መጽሐፍ እኛ በገዛ ቋንቋችን ለእናንተ ዕድሜ አብዝተን አለመጻፋችን ያሳዝነኛል፤ ከእናንተ መካከል የሚጽፍ እንዲነሣ እመኛለሁ።

እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው «ዘ ፕሪንስ ሁ ዎክድ ዊዝ ላየንስ» የተባለው ሌላው መጽሐፏ ደግሞ ስለ ልዑል ዓለማየሁ ቴዎድሮስ ነው። ይህንን ከታሪክ መጽሐፍ ጋር አጣምራችሁ አንብቡት። ታሪኩ የሚነግረን ይህንን ነው፦ እ.ኤ.አ. በ1868 ከመቅደላ በኋላ በሰባት ዓመቱ ወደ እንግሊዝ ተወሰደ፤ እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ በመንገድ ሞቱበት፤ እርሱም በ1879 ገና በ18 ዓመቱ አረፈና በዊንድዘር ተቀበረ። አጽሙ ወደ አገሩ እንዲመለስ የቀረበው ጥያቄም በ2023 ተቀባይነት አላገኘም። ያ ልጅ ሌሊት ሲነቃ ምን ያስብ እንደነበር ግን የትኛውም ሰነድ አይነግረንም፤ ያንን የሚሞክረው ልብ ወለድ ነው። ሁለቱን ስታነቡ ወረቀት አጠገባችሁ አድርጉና ደራሲዋ የፈጠረችውን ከሆነው ለይታችሁ ጻፉ። ከብዙ ወጣቶች ጋር አድርጌዋለሁ፤ ከዚህ የተሻለ የታሪክ ትምህርት አላየሁም።

«አዲስ መጽሐፍ አለ?» ለሚለው ጥያቄያችሁም መልስ አለኝ። ልብ ወለድ ላላነበበው ሁሉ አዲስ ነው። የሳይንስ መጽሐፍ ግን ዕድሜ አለው፤ ስለዚህ ከርዕሱ ቀጥሎ የታተመበትን ዓመት ተመልከቱ። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የታተመ መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1974 ሐዳር ላይ የተገኘችውን ድንቅነሽን፣ ማለትም ሉሲን፣ ከተሟሉት የሰው ዘር ቅድመ አያቶች አጽሞች ሁሉ ጥንታዊቷ ቢላት አልዋሸም። የ3.2 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ ያላት ድንቅነሽ በዚያን ጊዜ እንደዚያ ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1994 ግን ያኔ ገና ተማሪ የነበረው የቅሪተ አካል ተመራማሪ ዮሐንስ ኃይለ ሥላሴ አራሚስ በሚባል የአፋር ስፍራ የእጅ አጥንቶች አገኘ። አጥንቶቹ ሲነኩ የሚፈርሱ ስለነበሩ ሥራው 15 ዓመት ፈጀ፤ 4.4 ሚሊዮን ዓመት ያስቆጠረችው፣ አርዲ የተባለችው ቅድመ አያት ለዓለም ሙሉ በሙሉ የታወቀችው በ2009 ነው። በዲኪካ እ.ኤ.አ. በ2000 በዘረሰናይ ዓለምሰገድ ቡድን የተገኘችው ሕፃን ሰላምም አለች፤ በጥርስ ሐኪም መሣሪያ ድንጋዩ በጥቂት በጥቂቱ እየተፋቀላት ከስድስት ዓመት በኋላ ይፋ ሆነች። የሦስት ዓመት ገደማ ልጅ ነበረች፤ የኖረችው ከዛሬ 3.3 ሚሊዮን ዓመት በፊት ነው። እነዚህ ሁሉ የተገኙት በአገራችን መሬት ሆኖ ሳለ ልጆቻችን በአሮጌ መጽሐፍ ድንቅነሽ ላይ ብቻ እንዲቆሙ አልፈልግም። መጽሐፉ ካረጀ አትጣሉት፤ አዲስ ፈልጋችሁ አጠገቡ አድርጉና ምን እንደተለወጠ እዩ።

«እንግሊዝኛው ይከብደኛል» የምትሉኝ ብዙዎች ናችሁ። የማላዊውን ልጅ የዊሊያም ካምኳምባን ታሪክ ስሙ። እ.ኤ.አ. ከ2001 እስከ 2002 በነበረው ረሀብ ቤተሰቡ የትምህርት ቤት ክፍያ አጣና ትምህርት አቋረጠ። ቀኑን የሚያሳልፈው በመንደሩ ትንሽ ቤተ መጻሕፍት ነበር። እዚያ ስለ ኃይል የሚያስረዳ «ዩዚንግ ኢነርጂ» የተባለ መጽሐፍ አገኘ፤ ሽፋኑ ላይ የነፋስ ወፍጮዎች ነበሩ። እንግሊዝኛው ደካማ ስለነበረ ሥዕሎቹን እያየ በዙሪያቸው ያሉትን ቃላት ተማረ። ከዚያ በብስክሌት አካል፣ በትራክተር ማራገቢያና በፕላስቲክ ቧንቧ ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ የነፋስ ወፍጮ ሠርቶ የቤታቸውን አምፖሎች አበራ። ታሪኩን እ.ኤ.አ. በ2009 ከብራያን ሚለር ጋር «ዘ ቦይ ሁ ሃርነስድ ዘ ዊንድ» ብሎ አሳተመው፤ በ2015 ደግሞ ለእናንተ ዕድሜ ተስተካክሎ ወጥቷል። እናንተም በየቃሉ መዝገበ ቃላት አትግለጡ። ገጹን እስከ መጨረሻው ሂዱበት፤ ሦስት ጊዜ የተደጋገመውን ቃል ብቻ ፈልጉ።

ታናናሽ ወንድሞችና እኅቶች ላሏችሁ አንድ ነገር ልጨምር። ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ በሳን ፍራንሲስኮ ቤተ መጻሕፍት ሲሠራ በአማርኛ የተጻፈ የልጆች መጽሐፍ ፈልጎ በማጣቱ እ.ኤ.አ. በ2002 «ሲሊ ማሞ»ን በአማርኛና በእንግሊዝኛ አሳተመ፤ በማግስቱ ዓመትም አዲስ አበባ ሾላ ላይ የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ከፈተ። ዛሬ «ሬዲ ሴት ጎ ቡክስ» የሚባሉት ባለ ሁለት ቋንቋ መጻሕፍት በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞና በትግርኛ ይወጣሉ። ሲያትልና ዋሽንግተን ያላችሁ ልጆች፣ እንግሊዝኛውን እናንተ፣ አማርኛውን እናታችሁ ወይም አያታችሁ እየተቀባበላችሁ አንብቡላቸው። መጽሐፍ መግዛት ለማትችሉ ደግሞ «አፍሪካን ስቶሪቡክ» የአማርኛ ተረቶችን በስልክ በነፃ ያቀርባል።

አዲስ አበባ ያላችሁ በ2014 ዓ.ም. አራት ኪሎ ወደተከፈተው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ሂዱ። ክፍለ ሀገር ያላችሁ የትምህርት ቤታችሁን መደርደሪያ ፈትሹ፤ ከታችኛው መደርደሪያ ጀምሩ፣ ጎንበስ ብሎ የሚያየው ሰው ጥቂት ነው። ሁለት መጽሐፍ ይዛችሁ ስትመጡ «አንዱ ይበቃሃል» የሚል ሠራተኛ ካጋጠማችሁ ይህን ደብዳቤ አሳዩልኝ። ስትጨርሱም ሳታቆዩ መልሱ፤ ከኋላችሁ ተራ የሚጠብቅ ልጅ አለ።